«ያስተማርኳቸው ይሄዱብኛል» ላለኝ የመንዝ ሜትሮን

ጥያቄው አጠር ብሎ ሲቀርብ ይህን ይመስላል፦

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ሆኜ ከተመደብኩ ስምንት ወሬ ነው። አርባ ስድስት ነርሶች አሉኝ። ግማሾቹ ከተመረቁ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ነባሮቹ ‹እኛን ማን አስተማረን?› ይላሉ። ለስልጠና በጀት የለም ይሉኛል። ሰው ልኬ ባሰለጥን ደግሞ ተምሮ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄድብኛል። ነርሶቼ እንዲያድጉ ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን ከየት ልጀምር?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል። በነርስነት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያለፉትን አሥራ አንድ ዓመታት ደብረ ብርሃን ላይ ነርሶችን ሳስተምር ነው የቆየሁት። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ስልጠና ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። አንተ ግን «ከየት ልጀምር?» አልክ። ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ። ሌሊት ያደሩት ነርሶች ታካሚዎቹን ለቀን ገቢዎቹ ከሚያስረክቡበት ከጠዋቱ ርክክብ ጀምር።

ምክንያቴን ላስረዳህ። እኛ ጋ ትምህርት ማለት ከከተማ መውጣት ሆኗል። ደብዳቤ ይመጣል። ስም ይጠራል። የተጠራችው ነርስ አምስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ትቀመጣለች፣ አበሏን ትቀበላለች፣ ሰርተፍኬቷን ይዛ ትመለሳለች። ይህን አልንቅም። አዲስ መመሪያ ሲወጣ፣ አዲስ መሣሪያ ሲገባ እንዲህ ያለ ስልጠና የግድ ነው። አበሉም ቢሆን ደመወዟ ወር ለማያደርሳት ነርስ ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከተመለሰች በኋላ ነው። ሞጁሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዋርዱ ያው ዋርድ ነው። ምን ተማርሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። እጅ ደግሞ ይረሳል። ጨቅላ ሕፃንን በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማስተንፈስ አንዴ ተምረውት ዕድሜ ልክ የሚኖሩበት ነገር አይደለም። ሳይነኩት ጥቂት ወራት ካለፉ ማስኩ ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም፣ አየር ያመልጣል። እጅ ላይ የሚቀረው አጭር ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ልምምድ ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ርክክቡ እንዳለቀ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያዝ። ለምን ርክክብ ካልከኝ፣ ሁለት ፈረቃ አንድ ላይ የሚገኝበት ሰዓት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የገበያውን ቀን ተወው፤ ያን ቀን ተመላላሽ ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ይጨናነቃል። አሥራ አምስት ደቂቃ ካልክ ደግሞ አሥራ አምስት ይሁን። ሌሊት ያደረችው ነርስ ደክሟታል፣ ቤቷ ልጅ ይጠብቃታል። አንድ ቀን ወደ አርባ ደቂቃ ካስረዘምከው በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹን ሰው አታገኘውም። ትኩስ ሻይና ዳቦ ቢኖር ጥሩ ነው። በመንዝ ብርድ ቆመው ያደሩ ሰዎች ናቸው።

ለአንድ ወር አንድ ርዕስ ብቻ ያዝ። እዚህ ላይ አጥብቄ እለምንሃለሁ። በየሳምንቱ ርዕስ የሚቀያየር ከሆነ፣ ያን ሳምንት እረፍት ላይ የነበረችው ነርስ ለዘላለሙ አመለጣት ማለት ነው። አንድ ርዕስ ወሩን ሙሉ ሲመላለስ ግን ፈረቃ ቢዞርም ሁሉም ቢያንስ ሁለቴ ሦስቴ ይደርሰዋል።

ርዕሱን ከራስህ መዝገብ አውጣው። የሞት መዝገቡን፣ የሪፈር መዝገቡን፣ የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ ይዘህ ቁጭ በልና ያለፉትን ስድስት ወራት አገላብጥ። ሸዋ ሮቢት ብትሆን ኖሮ አገሩ ቆላ ስለሆነ ወባ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል። ያኔ የመጀመሪያው ወር ለጽኑ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ይሆን ነበር። ታካሚው ሲገባ፣ ከዚያም ከ12 ሰዓት እና ከ24 ሰዓት በኋላ የሚሰጡት መርፌዎች በፈረቃ ለውጥ መሃል እንዳይዘለሉ፤ ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ መጠኑ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም እንጂ እንደ አዋቂው 2.4 እንዳልሆነ። አንተ ያለኸው ግን ደጋ ላይ ነው። የኔ ግምት፣ ከመዝገብህ ውስጥ ቀዝቅዞ የመጣ ወይም እዚያው የቀዘቀዘ ጨቅላ ታገኛለህ።

እንግዲህ በዚሁ ልሂድልህ። የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። እርጥብ ሆኖ የተወለደ ልጅ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በደቂቃዎች ሙቀቱን ያጣል። የቀዘቀዘ ልጅ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ አተነፋፈሱ ይታወካል። የመጀመሪያው ሳምንት ማድረቅ ይሁን። እርጥቡን ጨርቅ ማንሳት፣ በደረቅ መቀየር፣ ኮፍያ ማድረግ፣ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማስተኛት፣ ገላውን ማጠቡን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማቆየት። ሁለተኛው ሳምንት ሳይተነፍስ ስለተወለደ ልጅ ይሁን። አምቡ ባጉ ሥራ መጀመር ያለበት ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነው፤ በደቂቃ ወደ 40 ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ ማለቱን እያዩ። ሦስተኛው ሳምንት ሙቀት መለካትና ቻርት ላይ ማስፈር። አራተኛው ሪፈር። ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ልጅ አምቡላንስ ውስጥ ብቻውን በጋቢ ተጠቅልሎ አይሂድ። እናቱ መጓዝ ከቻለች ደረቷ ላይ ይሁን፣ ጋቢው ከላይ ይደረብ። እናት ካልቻለች አክስትም አባትም ደረት አላቸው። መንገድ ላይ ያለውን የጣርማ በርን ነፋስ አንተም ታውቀዋለህ።

ለዚህ ሁሉ ስላይድ አያስፈልግም። ለማድረቁና ለማቀፉ ፎጣ ጠቅልለህ ሕፃን ማድረግ ትችላለህ። ለአምቡ ባጉ ግን የመለማመጃ አሻንጉሊቱን ፈልግ፤ ማስኩ መግጠሙና ደረቱ መነሳቱ በፎጣ አይታወቅም። ዋናው ነገር እያንዳንዷ ነርስ በገዛ እጇ መሥራቷ ነው። ክፍል ኃላፊዋ ከወረቀት እያነበበች ሌላው ግድግዳ ተደግፎ የሚሰማ ከሆነ አልተማሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነርስ የምታድገው «እንዴት» የሚለውን ስትጨርስ አይደለም፤ «ለምን» ማለት ስትጀምር ነው። አንዲት ወጣት ነርስ ትዝ ትለኛለች። በእርግዝና ግፊት ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዥየም ሰልፌት አሳምራ ትሰጣለች። መጠኑን አትስትም። ግን የሚቀጥለውን መርፌ ከመስጠቷ በፊት ጉልበት ላይ መታ አድርጋ ሪፍሌክስ (እግሩ በራሱ መወርወሩን) የምታየው ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ቻርቱ ላይ ስላለ ብቻ ምልክት ታደርጋለች። አንድ ጠዋት ቁጭ ብለን አወራን። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሲበዛ መጀመሪያ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይቆማል። የሚወጣው በሽንት ነው። ስለዚህ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 ካነሰ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ ከጠፋ፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ መርፌው አይሰጥም። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገብ መኖር ያለበትም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያቺ ልጅ ሐኪሙን «የዚህችን እናት ሽንት አይተኸዋል?» ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። የማስተምረው ይህን ቀን ለማየት ነው።

አሁን ወደ አዲሶቹ ልጆችህ ልምጣ። ፓትሪሺያ ቤነር የተባሉ አሜሪካዊት የነርሲንግ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. የነርስን እድገት በአምስት እርከን ከፍለው አሳይተዋል፤ ከጀማሪ እስከ የበቃ ባለሙያ። ከዚያ ውስጥ ለአንተ የሚጠቅምህ አንድ ነገር አለ። ነርስ ሥራዋን በእቅድ መምራት የምትችልበት እርከን ላይ የምትደርሰው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ስትቆይ ነው። ይህን ስታስብ በየሦስት ወሩ ዋርድ ማቀያየር ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ልጅቷ የምጥ ክፍሉን ሥራ መያዝ ስትጀምር ወደ ድንገተኛ ትሄዳለች። ድንገተኛን ስትለምድ ቀዶ ጥገና ክፍል ትገባለች። ሁልጊዜ ጀማሪ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ክፍል ትይ፣ እሺ። ከዚያ በኋላ ግን ከፍላጎቷ ጋር አስማምተህ አንድ ቦታ አስቀምጣት።

አዲስ ነርስ ስትመጣም የምትከተላት አንዲት ነባር ነርስ በስም መድብላት። «ከሁሉም ተማሪ» ከተባለች ከማንም አትማርም። ቢያንስ ለአራት ሳምንት የሁለቱ ፈረቃ አንድ ይሁን። በመጀመሪያው ወር ሌሊት ብቻዋን አታሳድራት። የሰው እጥረት እንዳለብህ አውቃለሁ። ቢሆንም ያንን ሌሊት እኔ ራሴ አድሬዋለሁ። ከተመረቅሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ሠላሳ የሚጠጉ ታካሚዎች፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና እኔ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ አዛውንት ትንፋሽ አጠራቸው። ኦክስጅኑ የት እንደተቀመጠ አላውቅም ነበር። ሰውየው ተረፉ። እኔ ግን ለወራት ዩኒፎርሜን ስለብስ ሆዴ ይረበሽ ነበር። ያን ጊዜ ሙያውን ጥዬ ብሄድ ማንም አይፈርድብኝም ነበር።

ነባሮቹን በተመለከተ «እኛን ማን አስተማረን?» የሚለውን እንደ እምቢታ አትስማው። ቅሬታ ነው። እውነትም ነው። አብዛኞቹ በዲፕሎማ ተመርቀው በችግር መሃል ራሳቸውን ያስተማሩ ናቸው። ትላንት የመጣች ልጅ በዲግሪዋ ከእነሱ በላይ ስትከፈል ያያሉ። ይህ ያማል። ስለዚህ ተማሩ ከማለትህ በፊት አስተምሩን በላቸው። ውሃ አልቆበት ደም ሥሩ የተደበቀ ልጅ ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ) የሚያስገባ እጅ ያላት ነርስ በየሆስፒታሉ አለች። በእርግጠኝነት አንተም ጋ አለች። የመጀመሪያዋ አስተማሪ እሷ ትሁን። ስሟን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈው። እውቀት ያለው በዲግሪ ብቻ አይደለም ብለህ ከምትሰብክ ይህ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ወጣቷ ስለ አዲሱ መመሪያ ስትናገር እነሱም ጆሯቸውን ይሰጧታል።

እዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ስህተት መነሳቱ አይቀርም። «እኔ ትላንት እንዲህ አድርጌ ነበር» የምትል ነርስ ትኖራለች። ይህ ንግግር ወደ ዲሲፕሊን እንደማይሄድ ቀድመህ ቃል ግባ፣ ቃልህንም ጠብቅ። አንዴ ከተጠቀምክበት ማንም አፉን አይከፍትም።

የትምህርት ዕድልን ጉዳይ ለብቻው ላንሳው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የተበላሸውን ሌላ ምንም አይጠግነውም። በሥራዬ ስድስተኛ ዓመት ላይ ዲግሪዬን እንድማር ስሜ ተላልፎ ነበር። አሳዳጊዬን ጠርቼ ነግሬያቸው አልቅሰናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእኔ ቦታ ሌላ ስም ሆኖ አገኘሁት። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። የመለሰልኝ ሰው የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተማርኩ፣ አልቀረብኝም። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ፣ አንድም አዲስ ነርስ አላስተማርኩም። ሥራዬን ሠርቼ ቤቴ እገባ ነበር። ሆስፒታሉ ያጣው ያንን ነው።

አንተ ዘንድ እንዲህ አይሁን። ለረጅም ትምህርትም ሆነ ለአጭር ስልጠና ማን እንደሚሄድ የሚወስነውን መስፈርት ጻፈው። የአገልግሎት ዘመን፣ የሚሠራበት ክፍል፣ ከዚህ በፊት የሄደበት ጊዜ፣ የሥራ አፈጻጸም። ከነርሶቹ መካከል ሁለት ሦስቱን አስገብተህ አዘጋጀው። ሰሌዳ ላይ ለጥፈው። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ተራው የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ አንተን ሳይጠይቅ ይወቅ። የወሊድ ክፍል ስልጠና ሲመጣ የምትሄደው ደግሞ ወሊድ ክፍል የምትሠራው ናት፤ ቢሮ ያለው ሰው አይደለም። የተመለሰች ነርስም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በርክክብ ሰዓት የተማረችውን ታካፍል። ይህን ከመሄዷ በፊት ንገራት፤ አዳራሹ ውስጥ የምትቀመጠው በሌላ ልብ ይሆናል።

«ተምረው ይሄዱብኛል» ላልከው፣ አዎ፣ የሚሄዱ ይኖራሉ። ለረጅም ትምህርት የግዴታ ውል አለ፤ እሱን አስፈርም። ለቀረው ግን ማስተማርህን በፍርሃት አታቁም። ነርሶች ከወረዳ ሲለቁ ምክንያታቸውን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። የሚነግሩኝ ስለ ቤት ኪራይ ነው፣ ስለዘገየ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው፣ ስለ ልጅ ማቆያ ነው፣ ትዳር አጋራቸው ሌላ ከተማ ስለመሆኑ ነው። «ስለተማርኩ ሄድኩ» ያለችኝ የለችም። «እዚያ ምንም አልማርም ነበር» ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው። ትርፍ ሰዓቱ በወቅቱ እንዲከፈል ከሥራ አስኪያጁ ጋር የምታደርገው ክርክር የነርሶችህ ትምህርት አካል አድርገህ ቁጠረው። ደግሞስ፣ ደብረ ብርሃን የሄደችው ነርስ የአንተን ሪፈር የምትቀበለው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀሙበት ተፈቅዶላቸዋል፤ አጠቃቀሙን የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። በጀት ሲዘጋጅ «ለነርሶች ስልጠና» ብለህ በጥቅሉ አታቅርብ። «ሁለት የመለማመጃ አሻንጉሊት፣ አሥር ቴርሞሜትር፣ የሻይ ወጪ» ብለህ ዘርዝር። ከአጠገቡ ከመዝገብህ ያወጣኸውን የጨቅላ ሞት ቁጥር አስቀምጥ። ቦርድ ውስጥ የተቀመጡት የአገር ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል።

ጎረቤትህንም ተጠቀምበት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከአንተም ብዙ ሳይርቅ፣ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው። ካምፓሱ የተሰየመባቸው ፕሮፌሰር አስራት ቀዶ ሐኪምም መምህርም ነበሩ። ደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅም እዚያው ነው። ተማሪ ለልምምድ ሊልኩብህ ሲጠይቁ በደስታ ተቀበል፣ ግን በምላሹ ጠይቅ። አብሮ የሚመጣው መምህር በወር አንድ ጠዋት ለነርሶችህ ያስተምር። አሻንጉሊት ያውሱህ። ቤተ መጻሕፍታቸው ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ይጠቀም እንደሆነ ጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ እንዲያነቡ ያደርጋል። የአንተም ሆስፒታል በራሱ ስም መመዝገብ ይችላል። ኔትወርክ በሚቸግርበት ቦታ ደብረ ብርሃን በወረድክ ቁጥር በፍላሽ አውርደህ መመለስ ነው። የቴሌግራም ግሩፕም ጥሩ ነው፤ የታካሚ ፎቶና ስም ግን በፍጹም አይለጠፍበት።

የሙያ ፈቃድ እድሳቱንም አትርሳ። ፈቃድ ለማደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ያስፈልጋል፣ ነጥቡ የሚያዘው ደግሞ እውቅና ባለው ሰጪ በኩል የተወሰደ ኮርስ ሲሆን ነው። የርክክብ ሰዓቱ ልምምድ ብቻውን ነጥብ አያስገኝም። ይህን ለነርሶችህ ከመጀመሪያው በግልጽ ንገራቸው፤ በኋላ ተታለልን እንዳይሉ። የእያንዳንዷ ፈቃድ መቼ እንደሚያበቃ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍርና ቢሮህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ቀኑ ስድስት ወር ሲቀረው ኮርስ ትፈልግላታለህ።

ለውጥ መምጣቱን ለማወቅ ብዙ አትለካ። በየወሩ መጨረሻ ሃያ የጨቅላ ቻርት ያለ ምርጫ አንሳና፣ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ሙቀቱ የተመዘገበለት ስንቱ ነው፣ ከ36.5 በላይ የነበረውስ ስንቱ ነው ብለህ ቁጠር። ሁለቱን ቁጥር ርክክብ የሚደረግበት ክፍል ውስጥ ለጥፍ። የማንንም ስም አትጻፍ። በሦስተኛው ወር ነርሶቹ ራሳቸው «የዚህ ወር ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁሃል።

መዝገቡን አገላብጠህ የመጀመሪያውን ርዕስ ስትመርጥ ጻፍልኝ። የጨቅላ ሙቀት ከሆነ እኛ የምንጠቀምበት የአንድ ገጽ መመዘኛ አለኝ፤ በዚያው ቀን እልክልሃለሁ። ሌላ ከሆነም አብረን እናዘጋጀዋለን።